ሰልፈኛው የገዛው ጭምብል፦ ገንዘቡ የሚገባው የት ነው?

ጃንዋሪ 26 ቀን 2012 የፖላንድ ፓርላማ ውስጥ ለየት ያለ ነገር ታየ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፓሊኮት ንቅናቄ የተባለው ፓርቲ እንደራሴዎች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ፊታቸውን በጭምብል ሸፈኑ። ነጭ ፊት፣ ቀላ ያለ ጉንጭ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ቀጭን ጺም፣ ከዚያ ደግሞ ያ የማይከደን ፈገግታ።

የተቃወሙት በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አክታ (ACTA) የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ነበር። አገራቸው ስምምነቱን የፈረመችው በዚያው ዕለት ነው። የስምምነቱ ዓላማ የቅጂ መብትና የንግድ ምልክት ጥሰትን አገሮች በጋራ እንዲቆጣጠሩ ማድረግ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን «ይሄ ነገር ኢንተርኔትን ያፍናል» ብለው ሰጉ።

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ጭምብሉ ራሱ በቅጂ መብት የተጠበቀ ዕቃ ነው። የምስሉ ባለመብት ደግሞ ያኔ ታይም ዋርነር ይባል የነበረው ግዙፍ የአሜሪካ ሚዲያ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ እንደ ሌሎቹ የፊልም ኩባንያዎች ሁሉ የቅጂ መብት ሕግ እንዲጠናከር ሲወተውት የኖረ ነው። እንግዲህ እንደራሴዎቹ ጭምብሉን ከሱቅ ገዝተውት ከሆነ ለኩባንያው ድርሻውን ከፍለዋል። ቤት አትመውት ከሆነ ደግሞ፣ ስምምነቱ ሊከለክለው የፈለገውን ዓይነት ያልተፈቀደ ቅጂ ይዘው ፓርላማ ገብተዋል። በየትም ቢዞሩ መውጫ የለም።

ይህ የአንድ ቀን ገጠመኝ አይደለም። ሰዎች ለተቃውሞ የሚይዙት ምልክት ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። ባለቤቱም አንዳንዴ ራሱ ተቃውሞው የተነሳበት አካል ነው። እንዴት እንዲህ ይሆናል?

የማን ፊት ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከ400 ዓመት በፊት ነው። በ1605 እንግሊዝ ውስጥ ጥቂት ካቶሊኮች ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊን ከነፓርላማው በባሩድ ሊያጋዩት ተማከሩ። ከሕንፃው ሥር 36 በርሜል ባሩድ አከማቹ። ባሩዱን ይጠብቅ የነበረው ጋይ ፎክስ የሚባል ሰው ነው። የኖቬምበር 5 ዋዜማ እኩለ ሌሊት ገደማ እዚያው ተያዘ። በጃንዋሪ 1606 በሞት ተቀጣ።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች በየዓመቱ ኖቬምበር 5 እሳት እያነደዱ የሴራውን መክሸፍ ያከብራሉ። የፎክስን ምስል ከጨርቅና ከወረቀት ሠርተው ያቃጥላሉ። የወረቀት ጭምብሉም ከዚሁ በዓል ጋር አብሮ የኖረ ነው። ሰውዬው ለዘመናት የሚታወቀው በከሃዲነቱ ነበር ማለት ነው። በነገራችን ላይ የነፃነት ታጋይ ነበር ማለትም ይከብዳል። እሱና ጓደኞቹ የፈለጉት የፕሮቴስታንቱን ንጉሥ ገድለው ካቶሊክ ዘውድ ማንገሥ ነው። ንጉሥ የሚባል አይኑር አላሉም።

ፎክስን ጀግና ያደረገው አንድ የሥዕል ልብወለድ ነው። በ1982 ደራሲው አለን ሙርና ሠዓሊው ዴቪድ ሎይድ «ቪ ፎር ቬንዴታ» የተሰኘውን ታሪክ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ማውጣት ጀመሩ። ታሪኩ አምባገነን መንግሥትን ብቻውን ስለሚታገል ጭምብል ለባሽ ሰው ነው። ገጸ ባሕርይው ጋይ ፎክስን ይምሰል ያለው ሎይድ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ፈገግታ የሣለውም እሱ ነው። መጽሔቱ ሲዘጋ ታሪኩን ዲሲ ኮሚክስ ወስዶ ከ1988 ጀምሮ አሳተመው። ዲሲ ደግሞ የዋርነር ንብረት ነው። በ2006 ፊልሙ ወጣ። ያከፋፈለውም ዋርነር ብራዘርስ ነው።

የሞተ ሰው ፊት እንዴት ባለቤት ይኖረዋል?

የፎክስ ፊት ባለቤት የለውም። የፈለገ ሰው ተነስቶ የራሱን ፎክስ ቢሥል ማንም አይጠይቀውም። ባለቤት ያለው ሎይድ የሣለው ያ የተለየ አሣሣል ነው። የቅጂ መብት ሐሳብን ወይም ታሪክን አይዝም። የሚይዘው አንድ ሰው ሐሳቡን የገለጸበትን መንገድ ነው። ጺሙ እንዲህ፣ ጉንጩ እንዲህ፣ ፈገግታው እንዲህ ሲሆን ያ ሥራ የአንድ ሰው ይሆናል። ባለመብቱ መብቱን በውል ለሌላ ማስተላለፍም ይችላል።

ሙርና ሎይድ ከዲሲ ጋር የተፈራረሙት ውል መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ለእነሱ እንዲመለስ ይል ነበር። በዚያ ዘመን የሥዕል ልብወለድ ታትሞ፣ ተሸጦ ያልቃል፤ በዚያው ይረሳል። ስለዚህ ውሉ ደግ ይመስል ነበር። መጽሐፉ ግን ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። መብቱም አልተመለሰም። ሙር በዚህና በሌሎች ጉዳዮች ከኩባንያው ጋር ክፉኛ ተቀያየመ። ከፊልሙም ስሙን አስወጣ።

ባለመብቱ ጭምብሉን ራሱ አያመርትም። ለአምራች ፈቃድ ይሰጣል። ለዚህኛው ጭምብል ፈቃዱን ያገኘው ሩቢስ የተባለ የኒው ዮርክ የትርኢት አልባሳት ኩባንያ ነው። አምራቹ ያመርታል፣ ያከፋፍላል፣ ይሸጣል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ደግሞ የተወሰነ ድርሻ ለባለመብቱ ይልካል። ይህ የፈቃድ ክፍያ ወይም ሮያሊቲ ይባላል።

ቤት ያከራየ ሰው ተከራዩ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። ሠርግ ይሁን ልቅሶ፣ ኪራዩ በወሩ ይገባለታል። ተከራዩ ጎረቤት ሰብስቦ አከራዩን ቢያማበትም ኪራዩ አይቀርም። የፈቃድ ክፍያም እንዲሁ ነው። ኩባንያው ተቃውሞውን መውደድ ወይም መጥላት የለበትም። ውሉ ሥራውን ይሠራል።

ታዲያ አደባባይ እንዴት ወጣ?

በ2008 መጀመሪያ ላይ አኖኒመስ የተባለው ስም የለሽ የኢንተርኔት ስብስብ ከሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተጣላ፤ ስሟ ቤተ ክርስቲያን ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተች የሌላ እምነት ድርጅት ናት። ፌብሩዋሪ 10 ቀን በተለያዩ የዓለም ከተሞች ሰልፍ ተጠራ። ቤተ ክርስቲያኗ የሚተቿትን ሰዎች በማሳደድ ስሟ ይነሳ ስለነበር፣ ሰልፈኞቹ «ፊታችሁን ሸፍኑ» ተባባሉ።

በምን ይሸፈን? ጭምብሉ በፊልሙ የተነሳ ዝናው ናኝቷል። ርካሽ ነው። የትርኢት ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አለ። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ያንኑ ጭምብል አጥልቆ አደባባይ ሲተም የሚያሳይ ትዕይንትም አለ። ከዚህ የተሻለ ዩኒፎርም ከየት ይመጣል?

በ2011 «ዎል ስትሪትን እንያዝ» የተባለው እንቅስቃሴ ኒው ዮርክ ላይ ሲፈነዳ ጭምብሉ ከፊት ነበር። ሰልፈኞቹ የተነሱት በትልልቅ ባንኮችና ኮርፖሬሽኖች ላይ ነው። ታይም ዋርነር ደግሞ በዓለም ካሉት ግዙፍ የሚዲያ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው፣ ጭምብሉ በዓመት ከ100,000 በላይ እንደሚሸጥና ድርሻው ለታይም ዋርነር እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። አምራቹ ከሚሸጣቸው ሌሎች ጭምብሎች ሁሉ እጅግ በልጦ ይሸጥ ነበር።

ሙር ስለዚህ ተጠይቆ ነበር። ኮርፖሬሽንን ከሚቃወም ሰልፍ ኮርፖሬሽን ሲያተርፍ ትንሽ ሳያሳፍረው አይቀርም፤ ግን ደግሞ ገንዘብ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። ሰልፈኞቹን ግን አልነቀፈም። ሎይድም ሰዎች ሥዕሉን ለተቃውሞ መጠቀማቸውን ወዶታል።

ኩባንያው በእውነት ከበረ?

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማስላት ይጠቅማል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው «ሰልፈኞች ሞኞች ናቸው» ለማለት ነው።

እናጋንና ከእያንዳንዱ ጭምብል አንድ ሙሉ ዶላር ለታይም ዋርነር ይደርሳል እንበል። በዓመት 100,000 ጭምብል 100,000 ዶላር ይሆናል። የኩባንያው የ2011 ጠቅላላ ገቢ ወደ 29 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ለዓመቱ ደቂቃዎች ብታካፍሉት በደቂቃ 55,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር የዓለም ሰልፈኛ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የገዛው ጭምብል ለኩባንያው የሁለት ደቂቃ ገቢ እንኳን አይሞላም።

ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ ኩባንያውን አደለቡት ማለት ልክ አይደለም። ምጸቱ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ቁጣውን የሚገልጽበት ፊት ፍለጋ ወጥቶ ያገኘው ፊት ከፋብሪካ የወጣ፣ ባርኮድ የተለጠፈበት መሆኑ ነው።

አስመስሎ የተሠራውስ?

ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ጭምብሎች ገበያውን ሞልተውታል። ከቻይና በብዛት ይመጣሉ። ሰልፈኞችም ይህን እንደ መላ ተጠቅመውበታል፤ «ለዋርነር ከምንከፍል አስመስሎ የተሠራውን እንግዛ» ብለው። ፈቃድ ያለውን ከሌለው ለመለየት ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ማየት ነው። የባለመብቱ ስም መለያው ላይ ወይም ከውስጥ በኩል በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል።

ግን አስመስሎ የተሠራውም ቢሆን የሚሠራው ሰው ነው። በ2013 ብራዚል በተቃውሞ ስትናጥ ከሪዮ አጠገብ ባለችው ሳኦ ጎንሳሎ የሚገኝ አንድ የጭምብል ፋብሪካ ፎቶ በዓለም ዞረ። ሠራተኞች ክምር ጭምብል መሀል ሆነው ይሠራሉ። ያ ሁሉ ፈገግታ እየተደረደረ ወደ ላይ ያፈጣል። ብዙዎች ፎቶውን ያሰራጩት «አመጻችሁ የሚመረተው እዚህ ነው» ለማለት ነበር። ፎቶው ግን ስለ ሰልፈኞቹ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ማንኛውም ዕቃ ከየት እንደሚመጣ ነው የሚያሳየው። ሰልፈኛውን የሚበትነው ፖሊስ የራስ ቁርም ከሆነ ፋብሪካ ነው የሚወጣው።

ባለመብቱ «አትልበሱት» ማለት ይችላል?

ለባሹን መከልከል አይችልም። በብዙ አገሮች ሕግ አንድን ዕቃ በሕጋዊ መንገድ ከገዛችሁት በኋላ ልበሱት፣ ስጡት፣ መልሳችሁ ሽጡት፣ የባለመብቱ ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል። የሚከለከለው ያለ ፈቃድ አዲስ ቅጂ መሥራትና መሸጥ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሊከስ የሚችለው አባዥውን እንጂ አጥላቂውን አይደለም።

ጭምብሉን የከለከሉት መንግሥታት ናቸው። ባህሬን በፌብሩዋሪ 2013 ወደ አገር እንዳይገባ አገደችው። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያም ተከተለች። ዋርነርን የሚያበሳጭ ነገር ካለ ይሄ ነው፤ ገበያ ተዘጋበት!

መብት ግን ለትርፍ ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ አይደለም። የቼ ጉቬራን ፎቶ የማያውቅ የለም። ባለኮከብ ባርኔጣ፣ ረጅም ጸጉር፣ ሩቅ የሚያይ ዓይን። ፎቶውን ያነሳው ኩባዊው አልቤርቶ ኮርዳ ነው። ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ላ ኩብር የተባለችው መርከብ ፈንድታ ብዙ ሰው ስላለቀ የተዘጋጀ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ላይ ነው ያነሳው። የሚሠራበት ጋዜጣ ያኔ ፎቶውን አላተመውም። በ1967 አንድ ጣሊያናዊ አሳታሚ ቅጂ ወሰደ። ቼ በዚያው ዓመት ሲገደል ፎቶው ፖስተር ሆኖ ዓለምን አጥለቀለቀ። ከዚያ ካናቴራ፣ ከዚያ ኩባያ፣ ከዚያ የቁልፍ መያዣ። ካፒታሊዝምን ሲዋጋ የሞተ ሰው ከካፒታሊዝም ተወዳጅ ሸቀጦች አንዱ ሆነ።

ኮርዳ ከዚህ ሁሉ የፈቃድ ክፍያ አላገኘም። ማኅበራዊ ፍትሕን ለሚሰብኩ ሰዎች ፎቶው ቢሰራጭ ቅር አይለውም ነበር። በ2000 ግን የስሚርኖፍ ቮድካ ማስታወቂያ ላይ ፎቶውን ሲያየው ትዕግሥቱ አለቀ። ለንደን ላይ ክስ መሠረተ። ከፍርድ ቤት ውጭ በተደረገ ስምምነት 50,000 ዶላር ተከፈለው። ገንዘቡን ለኩባ ሕፃናት መድኃኒት መግዣ ሰጠው። በዋርነር እጅ ክፍያ መሰብሰቢያ የሆነው ሕግ በኮርዳ እጅ ቮድካ ሻጭን መመለሻ ሆነ።

ባለቤት የሌለው ምልክትስ የለም?

አለ። በክብ ውስጥ ሦስት መስመር ያለበት የሰላም ምልክት አንዱ ነው። ጄራልድ ሆልተም የተባለው እንግሊዛዊ ንድፍ ሠሪ በ1958 የኑክሌር ጦር መሣሪያን ለመቃወም ከለንደን ወደ አልደርማስተን ለተደረገው ጉዞ ሠራው። የቅጂ መብት አልተወሰደበትም። ሆን ተብሎ ለሁሉም ክፍት ተተወ።

ክፍት መሆን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ባለቤት የሌለውን ነገር ማንም ይሸጠዋል። የሰላም ምልክቱን ያልለበሰ፣ ያላተመ፣ ያልቸረቸረ የፋሽን ድርጅት መፈለግ ድካም ነው። በ1970 ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ምልክቱን የራሳቸው የንግድ ምልክት አድርገው ሊያስመዘግቡት ሞክረውም ነበር። የአገሪቱ የንግድ ምልክት መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ግን አልተቀበላቸውም። ምልክቱን ክፍት ያደረገ ሰው ገንዘቡ ለአንድ ኩባንያ እንዳይሄድ ያደርጋል እንጂ ንግድን አያስቀርም።

ሌላው መንገድ እጅ ላይ ያለውን ዕቃ ማንሳት ነው። ሆንግ ኮንግ በ2014 ጃንጥላ ዘረጋች፤ ለአስለቃሽ ጭስ መከላከያ። ፈረንሳይ በ2018 ቢጫ ሰደርያ ለበሰች። ሕጉ እያንዳንዱ አሽከርካሪ መኪናው ውስጥ እንዲይዘው ያስገድድ ስለነበር ዩኒፎርሙን ቀድሞ ያዳረሰው ራሱ መንግሥት ነው ማለት ይቻላል። ቻይናውያን በኖቬምበር 2022 ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ያዙ። ያኔ ኤም ኤንድ ጂ የተባለው የሻንጋይ የጽሕፈት መሣሪያ ኩባንያ «ወረቀት መሸጥ አቆመ» የሚል ወሬ ተነዛበትና አላቆምኩም ብሎ መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሰ። ባዶ ወረቀትም ሻጭ አለውና።

ምጸቱን እያወቁ ለምን ይቀጥላሉ?

እየቀጠሉ ነው። በ2019 ከሊባኖስ እስከ ቺሊ ሰልፈኞች ፊታቸውን እንደ ጆከር ቀቡ። የዚያም ገጸ ባሕርይ ባለቤት ዋርነር ነው። በኦክቶበር 2021 የደቡብ ኮሪያ ሠራተኛ ማኅበራት አባላት የኔትፍሊክሱን የ«ስኩዊድ ጌም» ልብስ ለብሰው ሰልፍ ወጡ። ለኔትፍሊክስ ደግሞ ያን ያህል ነፃ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

ግን ነገሩን ከሌላው ወገንም እዩት። አንድን ምልክት በዓለም ዙሪያ ማስተዋወቅ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ሰልፈኛ ይህ የለውም። ኩባንያው ግን ለፊልሙ ሲል አውጥቶታል። ሰልፈኛው ጭምብሉን ሲያጠልቅ ያን ሁሉ ወጪ በጥቂት ዶላር ይጠቀምበታል። አንድ ፎቶ ይነሳል። ቋንቋውን የማያውቅ፣ አገሩን በካርታ ላይ የማያገኝ ሰው እንኳን «እነዚህ ሰዎች ተቆጥተዋል» ብሎ ወዲያው ይረዳል። ማን ማንን ተጠቀመ? እኔ ከተጠየቅኩ በዚህ ሒሳብ የከሰረው ሰልፈኛው አይመስለኝም።

በ2025 የታየው ደግሞ ለየት ይላል። ኢንዶኔዥያውያን ከኦገስት 17ቱ የነፃነት በዓላቸው በፊት «ዋን ፒስ» ከተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ የተወሰደ የባሕር ወንበዴዎች ባንዲራ መስቀል ጀመሩ። የራስ ቅሉ የገለባ ባርኔጣ አጥልቋል። ባለሥልጣናት ተቆጡ። ባንዲራው ግን በሴፕቴምበር ኔፓል ላይ፣ ቀጥሎም ማዳጋስካር ላይ ወጣቶች እጅ ታየ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ትዕዛዙ የጎረፈው ለሰፈር ልብስ ሰፊዎች ነበር። ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭና ቢጫ ቀለም፣ አንድ ስፌት መኪና ይበቃል። በዚህ መንገድ ከተሰፋው ባንዲራ የጃፓኑ አሳታሚ ምንም አያገኝም። ፈቃድ ካለው ሱቅ የተገዛው ላይ ግን ድርሻው እንደተለመደው ይቆረጥለታል።